ላይፕዚግ ውስጥ ጓሮ ስናለማ፦ ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር የጻፍኩት ማስታወሻ

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከገባሁ ሦስት ወር ሞላኝ። ባለቤቴ አንድ ዓመት ቀድማኝ ነው የመጣችው። ነርስ ናት። የትምህርት ማስረጃዋን አስመርምራ፣ የቋንቋ ፈተናውን አልፋ አሁን ሆስፒታል ትሠራለች። እኔ አዲስ አበባ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ቋንቋ እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ እፈልጋለሁ።

ቤት አግኝተናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል። የአድራሻ ምዝገባው፣ ባንኩ፣ የጤና መድኑ፣ ሁሉም አልቋል። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ገብተናል። እቤት ስንቀመጥ ግን ሰው ቤት ያደርን ይመስለናል። 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ባለፈው እሑድ ሳሎን ውስጥ ቡና ስንቆላ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ መቆጣጠሪያ ጮኸ። ከታች የሚኖረው ሰውዬ ደንግጦ በራችንን አንኳኳ። ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ማንከሽከሻውን ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላዋለች። የተቆላና የተፈጨ ቡና እየገዛን ነው።

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከባቡሩ መስኮት በሐዲዱ ዳርና ዳር ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አያለሁ። እያንዳንዱ ቤት አጥር አለው፣ አንድ ሁለት ዛፍ አለው። ሰው የሚኖርባቸው መስለውኝ ነበር። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ግን ጓሮዎች መሆናቸውን ነገረቻት። ጓሮ የሌለው የፎቅ ነዋሪ ተከራይቶ አትክልት የሚተክልበት ቦታ ነው። ላይፕዚግ ብቻ ከ30 ሺህ በላይ አሉ።

ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር። «አንድ እንከራይ» አለችኝ።

ፌብሩዋሪ 12፣ ረቡዕ

ባለቤቴ እረፍት ስለነበረች አኽነር ሽትራሰ ላይ ያለውን የጓሮዎች ሙዚየም አየን። የጀርመን ሰው እነዚህን ጓሮዎች «ሽሬበርጋርተን» ይላቸዋል። ሽሬበር የዚችው ከተማ ሐኪም ነበር። ስሙ ጓሮው ላይ ይዋል እንጂ ጓሮውን ያቋቋመው እሱ አይደለም። በ1861 ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1864፣ ሃውሽልድ የሚባል የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከወላጆች ጋር ሆኖ ማኅበር መሠረተና በሐኪሙ ስም ሰየመው። ዓላማቸው የልጆች መጫወቻ ሜዳ ነበር። ጌዘል የሚባል መምህር ደግሞ ልጆቹ አበባና አትክልት የሚኮተኩቱበት መደብ በሜዳው ዳር አዘጋጀላቸው። ልጆቹ ቶሎ ሰለቻቸው። መደቡን ወላጆች ተረከቡት። አጥር መጣ፣ ጎጆ መጣ፣ በዚያው ጓሮ ሆነ።

ይህን ታሪክ ወድጄዋለሁ። ማንም ሰው ጓሮ ልሥራ ብሎ አልተነሣም። ሰው መሬት ሲያገኝ እጁ አላርፍ ብሎት ነው።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ፈረምን! 220 ካሬ ሜትር። ከመሃል ከተማ ራቅ ስለሚል ወረፋው አጭር ነበር። ለቀድሞው ተከራይ ለጎጆውና ለተክሎቹ በገማቹ ስሌት 900 ዩሮ ከፈልን። የመሬቱ ኪራይ፣ የማኅበሩ መዋጮ፣ ውሃውና መድኑ ተደምሮ በዓመት 250 ዩሮ አይሞላም። ለዚህ ከተማ ይህ በጣም ርካሽ ነው።

ደንቡን በመዝገበ ቃላት እያነበብን ሦስት ማታ ፈጀብን። በአገሪቱ ሕግ አንድ ጓሮ ከ400 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ጎጆው በረንዳውን ጨምሮ ከ24 ካሬ ሜትር አይበልጥም፣ መኖሪያም ማድረግ አይቻልም። ከመሬቱ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው የሚበላ ነገር መትከያ መሆን አለበት። ሣር ብቻ አብቅሎ መተኛት የለም ማለት ነው። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ጸጥታ ነው። እሑድ ቀኑን ሙሉ ማሽን አይነሣም።

የተረከብነው፦ አንድ ያረጀ የፖም ዛፍ፣ ሦስት የቀይ ዘለላ ፍሬ ቁጥቋጦ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ጎጆ፣ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም በርሚልና ወገቤን የሚያልፍ አረም።

ባለቤቴ ማታ እናቷ ጋ ደወለች። «እማዬ፣ መሬት አገኘን!» እሳቸውም ወዲያው የጎመን ዘር በሰው እንደሚልኩ ቃል ገቡ። እዚህ ላይ እንደኛ ለሚያስቡ ሁሉ የምነግራችሁ አለኝ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የሚተከል ዘር የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ ላለች አንዲት ፖስታ እንኳ ይሠራል። ምክንያቱም ተገቢ ነው፤ በዘር ላይ በሽታ ይመጣል። እምቢ ስንላቸው ቅር አላቸው። ባለቤቴም ከስልኩ በኋላ ዝም ብላ ቆየች። እዚህ የሚሸጠውን እንፈልጋለን።

ማርች 16፣ እሑድ

አጥሩ ቁጥቋጦ ነው። ከቁመቴ በላይ አድጓል። ትናንት መጋዝ ይዤ ገና ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ስጀምር ከጎረቤት ጓሮ አንዲት አሮጊት እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ። ቆጡኝ። ግማሹ አልገባኝም። «ፎግል» የሚለውን ቃል ብቻ ያዝኩ፤ ወፍ ማለት ነው። ቤት ስገባ ሕጉን ፈለግሁት። ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ አጥር መመንጠር ክልክል ነው፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ስለሆነ። ጫፍ ጫፉን መከርከም ብቻ ይፈቀዳል።

ዛሬ ሄጄ አመሰገንኳቸው። ዕድሜያቸው 81 ነው። ጓሯቸውን ከባላቸው ጋር የያዙት በ1972 ነው፣ ምሥራቅ ጀርመን ገና አገር ሳለ። ባላቸው አርፈዋል። ያኔ የተረፋቸውን ፍሬ መንግሥት ይገዛቸው እንደነበር ነገሩኝ። ባለቤቴ በዚያው ቀን ስም አወጣችላቸው፣ እማማ።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ቁፋሮ። አራት መደብ፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ከሃያ በአምስት ሜትር። ስፋቱን እማማ ናቸው የነገሩን፤ ከሁለቱም ወገን ሳይረገጥ እጅ መሐሉ ይደርሳል። ዶማ የሚባል ነገር መደብር ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፣ በአካፋና በመቆፈሪያ ሹካ ቆፈርን። አፈሩ ጥቁር ነው። ጥቁር አፈር ሳይ የአባቴ አገር ትዝ አለኝ። ዝናብ ግን የለም። ወሩን ሙሉ ጠብ አላለም ማለት ይቻላል፣ በርሚሉ ባዶ ነው።

ድንች አቆጥቁጧል፣ ለመትከል ዝግጁ ነው። ቤት ውስጥ በመስኮቱ ደፍ ላይ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ያፈላሁት ቃሪያ 14 ችግኝ ሆኗል።

ኤፕሪል 7፣ ሰኞ

አሥሩ ቃሪያ ሞተ።

ሳምንቱ ሞቃት ስለነበር ቅዳሜ ዕለት አሥሩን ችግኝ አውጥቼ መደብ ላይ ተከልኩ። እማማ በአጥሩ ላይ ሆነው «ከሶፊ በፊት አይሆንም» አሉኝ። ሶፊን የማኅበሩ ሰው መሰለችኝ፣ ፈቃድ የምትሰጥ። ዛሬ ጠዋት ስሄድ ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮ ተኝቷል። ውርጭ ነው። ሁለት ወር በየቀኑ ውሃ ያጠጣኋቸው ነበሩ። መደቡ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ሶፊ ቅድስት ናት። ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን ቀናት ጀርመኖች «የበረዶ ቅዱሳን» ይሏቸዋል። የመጨረሻዋ፣ የሜይ 15ቷ፣ «ቀዝቃዛዋ ሶፊ» ትባላለች። እሷ ካላለፈች ቲማቲምም ቃሪያም ደጅ አያድርም። ሲገባኝ ደስ አለኝ እንጂ አልተከፋሁም። ያባቴ አገር ገበሬም «ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ» እያለ ነው የሚቆጥረው። እማማም አቆጣጠራቸው እንደዚያው ነው።

አራት ችግኝ መስኮቱ ላይ ቀርቶናል።

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ዘንድሮ የእነሱም የእኛም ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ። ባለፈው ሳምንት እማማ የቅቤ ኬክ ይዘው መጥተው ነበር። ጾም መሆኑን፣ ወተትም ቅቤም እንቁላልም እንደማንበላ ለማስረዳት ያለኝን ጀርመንኛ ሁሉ አወጣሁ። አልተቀየሙም። «እስከ መቼ?» አሉ፣ ቀኑን ነገርናቸው።

ዛሬ ቀለም የተቀባ የተቀቀለ እንቁላል በቅርጫት ይዘው ጎጆው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እኛም ዶሮ ወጡን በሳህን ከነእንቁላሉ አቀረብንላቸው። ሁለቱን እንቁላል እያዩ ሳቁ። በርበሬው አቃጠላቸው፣ ግን ጨረሱት።

ሜይ 17፣ ቅዳሜ

ሶፊ አለፈች። አራቱ ቃሪያና ከገበያ የገዛናቸው ስምንት ተጨማሪ ችግኞች ተተከሉ። ስድስት ቲማቲም። ለጎመን «ግሩንኮል» የሚባለውን ዘራን። ጀርመኖች ክረምት ላይ ከቋሊማ ጋር ቀቅለው የሚበሉት ነው፤ ቅጠሉ የተጨማደደ ነው፣ ስናበስለው ግን ከሞከርናቸው ሁሉ ለአበሻ ጎመን የቀረበው እሱ ነው። ጤና አዳምም አገኘን! አትክልት መሸጫ ውስጥ በሌላ ስም፣ «ቫይንራውተ» ተብሎ፣ ከመድኃኒት ቅጠሎች ጋር ተቀምጧል። ዘሩ የእኛው ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። ባለቤቴ ቅጠሉን በጣቷ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ጁን 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ የዓመቱ ረጅም ቀን ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚመሽበት ሰው፣ ይህን ማመን ይከብደዋል። ባለቤቴ ከሥራ ወጥታ 2 ሰዓት ላይ መጥታ ውሃ አጠጥታ ትመለሳለች።

ጠዋት የማኅበሩ ሥራ ነበር። እያንዳንዱ ጓሮ በዓመት የተወሰነ ሰዓት ለጋራ ሥራ መስጠት አለበት። የጋራውን መንገድ ጠረግን፣ የውሃውን ቧንቧ ቀየርን፣ ኋላም አንድ ላይ በላን። ደቦ ነው፣ ሌላ ስም አያሻውም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ከየት እንደመጣን ጠየቀኝ። አዲስ አበባ ስለው «እህት ከተማችን!» አለ። እውነቱን ነው፤ ሁለቱ ከተሞች ከ2004 ጀምሮ እህትማማች ናቸው። ባለቤቴ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ስትኖር፣ እኔም ስምንት ወር ስቀመጥ፣ ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር።

ጁላይ 6፣ እሑድ

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር። ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ በጠራራ ፀሐይ ጤና አዳሙን ከረከመች፣ ያለ ጓንት። አርብ ማታ ክንዷ ላይ እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ። እሷ ነርስ ስለሆነች ቶሎ ገባት። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ለቡና አንድ ዘለላ ሲቀነጠስ ይህ ስለማይደርስ አናውቀውም። ብዙ ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ እጅጌ ያለው ልበሱ፣ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቁረጡ። ጠባሳው እየጠቆረ ነው፣ ይጠፋል ትላለች።

ጁላይ 27፣ እሑድ

ዛሬ ቡና ቆላን።

ማንከሽከሻው ከጃንዋሪ ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ባለቤቴ ትናንት ማታ አወረደችው። ከሰሉን ጎጆው ፊት ለፊት አቀጣጠልን። ቄጤማ የለም፣ የታጨደ የጓሮ ሣር ጎዘጎዝን። ጭሱ ወደ ፖሙ ዛፍ ወጣ። ምንም የጮኸ ነገር የለም። ባለቤቴ ቆላች፣ እኔ በሙቀጫ ወቀጥኩ። የሰባቱ ሰዓት ጸጥታ ሳይጀምር ነው የጨረስኩት፣ ምክንያቱም ዘነዘና ድምፁ ሩቅ ይሰማል።

እማማ ሽታውን ተከትለው መጡ። የዚህ አገር ሰው፣ የዛክሰን ሰው፣ ቡና ወዳድ መሆኑን ጀርመን ሁሉ ያውቃል፤ «ካፌዛክሰን» ይሏቸዋል። መሃል ከተማ ከ1711 ጀምሮ ቡና የቀረበበት ቤት አለ። አቦሉን ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስኳር ጨመሩ። ቶናውን በዝምታ ጠጡ። በረካው ሲቀዳ ሲኒውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው አዩና «ብሉምሸንካፌ!» አሉ። የአበባ ቡና ማለት ነው። ስኒው ሥር የተሳለው አበባ እስኪታይ ድረስ የቀጠነ ቡና እዚህ እንዲህ ነው የሚባለው። በድሮ ጊዜ ቡና ውድ ስለነበር ብዙ ቤት የሚጠጣው እሱን ነበር አሉ። እኛም ሦስተኛው ሲኒ በረካ እንደሚባል፣ በረከት ያለው እሱ እንደሆነ፣ ሳይጠጡት መነሣት እንደማይገባ ነገርናቸው። ተቀምጠው ጨረሱት።

ከዚያ እማማ ቆም ብለው «ከእንግዲህ ዱ እንባባል» አሉን። በጀርመንኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ታላቁ ነው ለታናሹ የሚፈቅደው። ዱ ማለት አንቺ፣ አንተ ማለት ነው። ባለቤቴ ግራ ተጋባች። የ81 ዓመት ሴት አንቺ ማለት አፏን አልታዘዝ አላት። «በጀርመንኛ ዱ እላለሁ፣ በአማርኛ ግን እማማ ይባላሉ» አለቻቸው። ትርጉሙን ጠየቁ። «እናቴ እንደማለት ነው፣ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ» ብላ አስረዳቻቸው። ሁለት ጊዜ ደግመው ለራሳቸው አሉት። እማማ፣ እማማ።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ

ድንች፦ 31 ኪሎ። ቲማቲሙ ዝናብ በዝቶበት ግማሹ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ነቀልነው። ቃሪያው ግን ሞላ! ትናንት ስንግ ሠራን። ለባለቤቴ እናት ፎቶ ተልኮላቸዋል፣ «ይህ ነው የእኔ ልጅ» ብለው መለሱ።

ቀንድ አውጣ መከራ ነው። ቅርፊት የሌለው፣ ቡናማው። በአንድ ሌሊት ሙሉ የጎመን መደብ ይጨርሳል። መርዝ አልፈለግንም። እማማ ያሳዩን መንገድ ቀላል ነው፦ ሳንቃ መሬት ላይ አንጥፎ መተው፣ ጠዋት ከሥሩ ለቅሞ ማውጣት። ደግሞም ማታ ሳይሆን ጠዋት ውሃ ማጠጣት፣ ሌሊት እርጥብ መሬት ለእሱ መንገድ ነውና።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

እንኳን አደረሳችሁ። 2018 ገባ።

ባለፈው ሳምንት አትክልት መሸጫ ውስጥ የበረንዳ አበባ ከተደረደረበት ስናልፍ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። ቢጫ፣ ትንንሽ፣ ቀጭን ቅጠል። መለያው ላይ «ቢደንስ» ይላል። ሳነብ አደይ አበባም በሳይንስ ስሙ ቢደንስ ነው። ይሄኛው ዝርያ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። አንድ ወገን ናቸው፣ አገራቸው ተለያየ እንጂ። አራት ማሰሮ ገዛን። ዛሬ ጠዋት ለእማማ አንድ እቅፍ ቆርጠን «እንቁጣጣሽ» አልናቸው። ለመጥራት ሦስት ጊዜ ሞከሩ።

እኔም ሥራ አገኘሁ። ትንሽ የእቃ ማከማቻ ቢሮ ውስጥ ሂሳብ፣ በሳምንት ሃያ ሰዓት።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

ውሃው ዛሬ ተዘጋ። ክረምት ላይ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ማኅበሩ ዋናውን ይዘጋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቧንቧ ከፍቶ ያለውን ውሃ ያፈስሳል። በርሚሉንም ገለበጥን።

አርባ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ተከልን። ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመሐሉ አንድ ስንዝር። ላዩን በፖሙ ቅጠል ሸፈንነው። ብርዱን ማግኘት አለበት፣ ካልበረደው ራሱ አይከፋፈልም። የሚነቀለው ጁላይ ላይ ነው። ጎመኑን አልነካነውም፤ ውርጭ ሲያገኘው ይጣፍጣል ብለዋል እማማ።

ባለቤቴ ምልክቱ እንጨት ላይ «ነጭ ሽንኩርት» ብላ በአማርኛ ጻፈች። ውሃው ማርች መጨረሻ ገደማ ይለቀቃል። አጥሩ ግን ከዚያ በፊት፣ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ድረስ በደንብ መቆረጥ አለበት። ረጅም እጀታ ያለውን መጋዝ እማማ ያውሱናል።